ላሚኔት የተደረገው ዲግሪ

ይድረስ ለወንድሜ ለዑመይር ሰማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ሽማግሌ ስታነሣ ቀጭ እንዳደረገህ ለሚስትህ ለሰልሚያ ነግረሃት ነበር፤ እሷም ለእኛ ነገረችን። ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባሂራ በረዶውን በስልክ ካሳየሃት ወዲህ "አባቴ የሚኖረው ነጭ አፈር ላይ ነው" እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች። ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? ሶላትህን ትሰግዳለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የመጨረሻው ጥያቄ ከልቤ ነው፤ እኛ ቤት እንቅልፍ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖታልና። ብናደድብህም ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ አልገባም፤ እማዬ ብትሰማ አትምረኝም።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ የሞተብን ሰው ስለሌለ ነው። የእማዬ ጉልበት ክረምቱን ሲያሠቃያት ከርሞ አሁን ተሻላት፤ ደረጃ ላይ ብቻ አስቸግሯታል። በርበሬው ዘንድሮ በመስቃን በኩል ሥሩ እየበሰበሰ ብዙ ገበሬ አለቀሰ፤ ወደ መጋዘናችን የገባው ካምናው ግማሹ ቢሆን ነው። ባሂራ አድጋለች፤ ቁመቷ የአንተ፣ ምላሷ የእኔ ነው። ሰልሚያ ደህና ናት፣ ከስታለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። እኛ ቤት ስልክ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ገና ስትደውል ድምፁን ከፍ አድርገን ምንጣፉ መሀል እናስቀምጠዋለን፣ ሁላችንም እንከበዋለን። እኔ አሁን የምነግርህን አባባ እንዲሰሙ አልፈልግም። በድምፅ መልእክት ልልክልህም ሞክሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ስናደድ አማርኛው ይጠፋብኝና ጉራጊኛው እየቀደመኝ ራሴም የምለው አይገባኝም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የአናጢው የደስታ ልጅ ሊዲያ ለትምህርት ወደ እናንተ ሀገር ልትመጣ ስለሆነ ደብዳቤውን እሷ ትይዝልኛለች። አብራ የምታመጣልህ ሌላም ነገር አለ፤ መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ።

ነገሩን ከመስከረም ልጀምረው። የምታውቀውንም እደግምልሃለሁ፤ አንተ የምታውቀው በስልክ የሰማኸውን ብቻ ነውና። መስከረም ላይ ደወልክና ሦስት ዓመት ሙሉ "ነርስ ሆኜ እየሠራሁ ነው" ስትለን የኖርከው እውነት እንዳልሆነ ነገርከን። የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ረዳት ነኝ፤ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፤ የሚከፈለኝም የረዳት ደመወዝ ነው አልክ። ዲግሪዬ እዚህ ገና አልታወቀልኝም፤ ሲታወቅልኝ እንደ ነርስ ይከፈለኛል፣ ሰልሚያንና ባሂራንም አመጣለሁ አልክ። ለዚህ ደግሞ ኦርጅናሉ ዲግሪ አዲስ አበባ ማኅተም ተመትቶበት እስከ ኅዳር መጨረሻ እጄ መግባት አለበት፤ በፎቶ ኮፒው አናምንም አሉኝ አልክ።

አባባ ያን ቀን ያሉትን ታስታውሳለህ? "ታዲያ የደከመ ሰው ማጠብ ሥራ አይደለም እንዴ? ምኑ ነው የሚደበቀው?" አሉህ። ለመስጊዱ ጣሪያ "ጀርመን ያለው ነርሱ ልጄ" እያሉ በስምህ ያዋጡ ሰውዬ፣ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ስምህ ሲነሣ ኮታቸውን የሚያስተካክሉ ሰውዬ፣ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩህም።

እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ፤ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቆሜ ቆየሁ። ለምን እንደወጣሁ የጠየቀኝ የለም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። አሁን ልንገርህ። እኔ ሪያድ አራት ዓመት ምን ስሠራ እንደነበር ታውቃለህ። የቤቱን ባለቤት እናት ሳጥብ፣ ሳጎርስ፣ አንሶላ ስቀይር ነበር። ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም፤ የጠየቁኝ ክንዴ ጠንካራ መሆኑን ብቻ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሲጎድልህ ወልቂጤ የግል ኮሌጅ የገባኸው በዚያ ክንድ ነው። ክፍያህን፣ የቤት ኪራይህን፣ ነጩን ጋውንህን ሳይቀር የላክሁት እኔ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩትም መማር ጠልቼ አልነበረም፤ ከአንተ እበልጥ እንደነበር እማዬም ትመሰክራለች። ያ ሁሉ አንተ የእኔን ሥራ እንዳትሠራ ነበር። አንተ ግን አራት ዓመት ተምረህ፣ ጀርመንኛ ጨምረህ፣ ዞረህ ዞረህ እኔ ከነበርኩበት አልጋ አጠገብ ቆምክ። ለዚያ አልፈርድብህም፤ የፈረዱብህ ወረቀትህን ያላመኑት ሰዎች ናቸው። የቆረጠኝ ሌላው ነው። እኔ በዚያ ሥራ አላፈርኩም፤ አንተ ግን አፍረህ ሦስት ዓመት ዋሸኸን። ታዲያ በልብህ እኔን ምን ስትለኝ ኖርክ?

ይህን ይዤ ነው አዲስ አበባ የወረድኩት። አባባ ዲግሪውን ከሳጥናቸው አወጡ፣ የአረፋ ኮታቸውን ለበሱ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድን። ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ወረፋው ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ተራችን የደረሰው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ዲግሪውን ተቀበለች፣ ገለበጠችው፣ በጥፍሯ ቆረቆረችው፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። ላሚኔት የተደረገ፣ በላስቲክ የታሸገ ሰነድ ላይ ማኅተም አይመታም፤ ወረቀቱ ራሱ መታየት አለበት አለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ከእኛ በፊትም ስንቱን ስትመልስ እንደዋለች ያስታውቅ ነበር። አባባ አልገባቸውም። ላስቲኩን በእጅጌያቸው ወለወሉና መልሰው ሰጧት። "ንጹሕ እኮ ነው ልጄ" አሏት።

ማኅተሙ በላስቲክ ላይ እንደማያርፍ በመንገዱ ሁሉ ሳስረዳቸው መጣሁ። እሳቸው ዲግሪውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው በመስኮት ያያሉ። ቡታጅራ እንደወረድን ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወደ ከድሮ ሄድን። ከድሮም በጋለ ካውያ በጨርቅ ላይ ቢተኮስ ላስቲኩ እንደሚለቅ ሰምቻለሁ አለ። ላስቲኩ ለቀቀ። ሲለቅ ግን ጽሑፉን ይዞ ለቀቀ። ፎቶህ ከግንባርህ እስከ አፍንጫህ ከላስቲኩ ጋር ተነሣ፣ አገጭህ ወረቀቱ ላይ ቀረ። የኮሌጁ ዲን ፊርማ ሁለት ቦታ ተቀደደ። ከድሮ ላብ በላብ ሆኖ ሌላውን ጠርዝ ሊጀምር ሲል አባባ እጁን ያዙት። "በቃ፣ ተወው" አሉ።

ማታውን አንተ ደወልክ። ስልኩ እንደ ልማዱ መሀል ተቀምጧል፤ እማዬ፣ ሰልሚያ፣ ባሂራ፣ ሁላችንም አለን። የሆነውን ነገርንህ። አንተም "ማነው ላሚኔት ያስደረገው?" ብለህ ጠየቅክ። እኔ አፌን ስከፍት አባባ መዳፋቸውን ወደ እኔ አነሡ፤ ልጅ ሆነን ሽማግሌ ሲናገር እንዳንቀድም ያደርጉት እንደነበረው ማለት ነው። "እኔ ነኝ" አሉህ። ከዚያ አንተ የተናገርከውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ በዓይንህ እንድታየው እፈልጋለሁ። "የማታውቀውን ነገር ለምን ትነካለህ? መሃይምነትህ አራት ዓመቴን በላው" አልካቸው። ዕድሜህን ሙሉ አንቱ ስትላቸው የኖርከውን አባትህን፣ በሚስትህና በልጅህ ፊት። ከዚያም ዘጋኸው።

አባባ አሥራ አንድ ቀን መጋዘን አልከፈቱም። ለጠየቀ ሁሉ ጉንፋን ነው አልን። አሁን ይከፍታሉ፤ ግን በርበሬ ሲመዝኑ ሁለቴ ሦስቴ ይመዝናሉ፣ የጻፍኩትን ደረሰኝም ሌላ ሰው ጠርተው ያስነብባሉ፤ በራሳቸው ዓይንና እጅ ማመን ትተዋል። አንተ ስትደውል የሶላት ሰዓት ሳይደርስ ውዱእ ላድርግ ብለው ይወጣሉ፤ ጥሪው እስኪያልቅም ውጭ ይቆያሉ። አስተውለህ ከሆነ ድምፃቸውን ከሰማህ ሦስት ወር አልፎሃል። አንድ ቀን እንኳ "አባባስ?" አላልክም።

አሁን ስማኝ። ላሚኔት ያስደረግኩት እኔ ነኝ።

በተመረቅክበት ዓመት አረፋ ላይ ነው። እኔ ከሪያድ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። ከአዲስ አበባ የገባው ዘመድ፣ ከእንሴኖ የመጣው አማች፣ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ክትፎው ቀርቧል፣ ቆጮው ተቆርሷል። አባባ ዲግሪህን ከሳጥን አውጥተው ለእንግዳው ሰጡ፤ እንግዳው ለጎረቤቱ አቀበለ። ሰው ሁሉ እየበላ ነው፣ እጁ ቅቤ ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆሜ አየሁት። አንዱ ስምህን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣ አንዱ ማኅተሙን ይዳብሳል፣ አንዱ ደግሞ ማንበብ ስለማይችል ፎቶህን ብቻ አይቶ "ማሻአላህ" ብሎ ያሳልፋል። ሁሉም የወደደህ ነው፤ ማንን ትቆጣለህ? ተመልሶ ሲመጣ ሁለት የቅቤ ጣት ነበረበት። አንዱ ከስምህ ሥር እስከ መጨረሻው ይታይ ነበር።

እኔ ያን ወረቀት ሳይ የታየኝ ያንተ ዲግሪ አልነበረም። አራት ዓመት ያጠብኳት አሮጊት ናት የታየችኝ፣ የተሰነጠቀው እጄ ነው የታየኝ። ከሪያድ ያመጣሁት ዕቃ ሁሉ በሁለት ሳምንት ተከፋፍሎ አልቆ ነበር፤ የቀረኝ ያ ወረቀት ነው። በማግስቱ ጠዋት ማንንም ሳላማክር ወደ ከድሮ ወሰድኩት። ከድሮ "ወፍራሙን ላስቲክ ላድርገው ወይስ ስሱን?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ወፍራሙን አልኩት። ለአባባ ሳሳያቸው ግንባሬን ሳሙኝ። አንተም አይተኸው "ጥሩ አደረጋችሁ" ብለሃል፤ ማን እንዳስደረገው ግን አልጠየቅክም። ስትሄድም በመንገድ እንዳይጠፋብህ ብለህ ኮፒውን ብቻ ይዘህ እሱን ሳጥን ውስጥ ትተኸዋል። እዚያ ያሉት ሰዎች አሮጊቶቻቸውን በእጅህ እያስነሡ ያንን እጅ በወረቀት ካላዩት አያምኑትም፤ እኛ ደግሞ ወረቀቱን ከእጃችን እናድነው ብለን አጠፋነው።

ስልኩን የዘጋህ ዕለት ማታ አባባን ለምን እንዲህ አደረጉ አልኳቸው። ነገ ደውዬ እውነቱን እነግረዋለሁ አልኳቸው። ያሉኝን እንዳለ ልጻፍልህ። "እኔ ላይ ቢቆጣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ነገ እሄዳለሁ። አንቺ ላይ ከተቆጣ ግን እኔ ስሄድ ለእሱ ማን አለው? ለአንቺስ ማን አለሽ? ዝም በይ" አሉኝ። ዝም አልኩ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ዝምታው ተመችቶኝም ነበር። አንተ እንደዚያ ስትናገር ሰምቼ ያ ቃል እኔ ላይ እንዳያርፍ ፈራሁ። እነሆ ሦስት ወር በአባቴ ጀርባ ተደብቄ ኖርኩ።

እሳቸው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ምትክ ዲግሪ ሊያሠሩ ወልቂጤ ሁለት ጊዜ ሄደዋል፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ በሚያማቸው ወገብ። ከድሮ፣ ዲግሪው ጠፋ ብለው ከፖሊስ ወረቀት ያውጡ፣ እንደዚያ ከሆነ ቶሎ ያልቃል ብሎ መክሯቸው ነበር። "እጄ ላይ ያለውን ጠፋ ብዬ ልፈርም? ልጄ የዋሸው ይበቃናል" አሉት። እኔም ወላሂ ተናድጄባቸው ነበር፤ ቀኑ እየሄደ ነው፣ አንድ ውሸት ምን አለበት ብዬ ጮህኩባቸው። አልሰሙኝም። የተቀደደውን ዲግሪ በጋዜጣ ጠቅልለው ለኮሌጁ ሬጅስትራር ለአቶ ይታገሱ አስረከቡ። አቶ ይታገሱ ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣቸው፣ ፋይልህንም ራሱ ፈልጎ አወጣ። ግን የተበላሸ ሰነድ ተመርምሮ፣ ተፈርሞ፣ ምትኩ እስኪወጣ ታኅሣሥ ገባ። አዲስ አበባ ማኅተሙ ሲመታ ታኅሣሥ አለቀ።

እንግዲህ ኅዳር አልፏል። ለሰልሚያ እንደነገርካት ፋይልህ ተዘግቷል፣ ማመልከቻውን ከሀ ትጀምራለህ፣ ቢያንስ ሌላ አንድ ዓመት በረዳት ደመወዝ ትቆያለህ። ሰልሚያም አንድ ዓመት ትጠብቃለች። ባሂራ አንተን በስልክ ብቻ እያየች አንድ ዓመት ታድጋለች፤ ባለፈው የአናጢውን የደስታን ስልክ አንሥታ "አባቴ እዚህም ውስጥ አለ?" ብላ ጠየቀች። ያን ዓመት የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። ቁጣህን ከአባባ ላይ አንሣና ለባለቤቷ ላካት፤ አድራሻዬን ታውቃለህ። አትሳሳልኝ፣ ሪያድ ከዚህ የባሰ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የሦስት ዓመቱን ውሸትህን ገና ይቅር አላልኩህም፤ አንተም ዲግሪህን ይቅር አትበለኝ፤ እኩል እንሁን። እኔና አንተ በዚህ መኖር እንችላለን። አባባ ግን አይችሉም።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በትንሿ ስልካቸው ደውልላቸው፣ መጋዘን በሚሆኑበት ሰዓት፣ ሰው በሌለበት። አንቱ በላቸውና ይቅርታ ጠይቃቸው። ላሚኔቱን ማን እንዳስደረገው አታንሣ፤ እኔ እንደነገርኩህም እንዳያውቁ። እሳቸው ለእኔ ብለው የያዙትን እኔው እንዳፈረስኩት ከሰሙ ሌላ ስብራት ይሆንባቸዋል። አንተ የማታውቅ ሆነህ ይቅርታ በላቸው። ከዋሸህ አይቀር ይህቺን ዋሽ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ሚጥሚጣ በሊዲያ ልካለች፣ የሀገሩ ምግብ ቅመም የለውም ስላልካት። ሰልሚያም ሰላም ትልሃለች፤ ለእሷ ለብቻዋ ጻፍላት፣ በእኔ በኩል የምትልከው ሰላምታ አጭር ነው። ባሂራ እጇን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን አስነድፋኛለች፤ ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። ከድሮ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይልሃል፤ አሁን ሰው ላሚኔት ሊያሠራ ሲመጣ "ኦርጅናል ነው ኮፒ?" ሳይል ማሽኑን አያበራም። ደስታና ባለቤቱም ሰላም ብለውሃል፤ ልጃቸውን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄደህ ተቀበልላቸው፣ አደራ።

አባባ ሰላምታ አልላኩም። ይህን ደብዳቤ መጻፌንም አያውቁም። ምትኩን ዲግሪ ለሊዲያ የሰጧት ግን እሳቸው ናቸው። ከሳጥን ከማውጣታቸው በፊት ለሶላት እንደሚታጠቡት እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ በፎጣ አደረቁ፣ ወረቀቱን ጠርዝ ጠርዙን ይዘው በአዲስ ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት። ላስቲክ አላስነኩትም። ከዚያ ሊዲያን በሩ ድረስ ሸኟትና አንድ ቃል ብቻ ነገሯት፤ "እጁን ሳይታጠብ እንዳይከፍተው በይልኝ" አሏት።

እህትህ ፈቲሀ ሰማን
ቡታጅራ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.